ውሃው የት ሄደ? ለትንንሽ ልጆች የውሃን ዑደት ስናስተምር

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ክትባት፣ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትልና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ነው፡፡ የዛሬው ርዕስ ግን ለአንዳንዶቻችሁ የጤና ጉዳይ ላይመስላችሁ ይችላል፡፡ ርዕሱ የውሃ ዑደት ነው፤ ማለትም ውሃ ከምድር ወደ ሰማይ፣ ከሰማይም ተመልሶ ወደ ምድር የሚያደርገው ጉዞ፡፡ "ይህማ የሳይንስ አስተማሪ ሥራ ነው፣ ሲስተር ምን አገባት?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ እንዲያገባኝ ያደረገው የራሴ ስህተት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር፡፡

ባለፈው የጉ ዝናብ ወቅት ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሚሆን ሕፃናትን ሰብስቤ ስለ ውሃ አስተምሬ ነበር፡፡ ነገሩን ቀላል ላድርግላቸው ብዬ "ፀሐይ ውሃውን ወደ ላይ ስትወስደው ቆሻሻውን እዚሁ ትታ ንጹሑን ብቻ ነው የምትወስደው፤ ስለዚህ ዝናብ ንጹሕ ውሃ ነው" አልኳቸው፡፡ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ፡፡ ሳምንት ሳይሞላ ከእነዚያው ልጆች አንዱን እናቱ አዝላው መጣች፡፡ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው አድሯል፣ ዓይኑ ሰርጎድ ብሏል፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፡፡ ምን እንደጠጣ ስጠይቀው ከመጸዳጃ ቤቶቹ በታች ካቆረው ውሃ በእፍኙ እንደጠጣ ነገረኝ፡፡ እናቱ ልትቆጣው ስትል "የዝናብ ውሃ እኮ ነው! ሲስተር ራሷ ንጹሕ ነው ብላለች" አላት፡፡

ልጁ በኦ.አር.ኤስ. እና በዚንክ እንክብል ድኗል፡፡ አሁን እንዲያውም ለትምህርቱ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ነው፡፡ እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፡፡ ለልጆቹ የነገርኳቸው ውሸት ባይሆንም የጉዞውን ግማሽ ብቻ ነበር፡፡ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠራል፤ ወደ ታች ሲመለስ ግን ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፡፡ በሽታው ያለው በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው፤ እኔም የዘለልኩት እርሱን ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ደጋግሜ ስለለወጥኩት፣ እናንተም ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች በየቤታችሁ እንድትሞክሩት የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም እጽፋለሁ፡፡

መጀመሪያ ለራሳችን

ለማስታወስ ያህል፣ በምድራችን ላይ ካለው ውሃ 97 በመቶ ያህሉ ጨዋማ የባሕር ውሃ ነው፡፡ ፀሐይ ባሕሩን፣ ሐይቁን፣ እርጥቡን መሬት ስታሞቅ ውሃው በዓይን ወደማይታይ ተን ተለውጦ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል፡፡ ይህ ትነት ይባላል፡፡ ዛፎችም ከሥራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው በኩል ያተናሉ፡፡ ተን ያዘለው አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚቀዘቅዝ ተኑ እንደገና ደቃቅ ጠብታ ይሆናል፡፡ ደመና የምንለው የእነዚህ ጠብታዎች ክምችት ነው፡፡ ጠብታዎቹ እየተጋጠሙ ሲከብዱ ይዘንባሉ፡፡ ውሃ አየር ላይ በተን መልክ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ብቻ ነው፡፡ ከዘነበ በኋላ ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ ከፊሉ ደግሞ ወዲያው ተመልሶ ይተናል፡፡ እንደ ሐርጌሳ ባለ ደረቅና ነፋሻ አገር ይህ የመጨረሻው ድርሻ ብዙ ነው፡፡

ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዳለ ብንነግረው በቃሉ ሊሸመድደው ይችላል፡፡ ሸምድዶ ሲያበቃ ግን ከኩሬው ይጠጣል፡፡

በየቦታው የሚለጠፈውን የውሃ ዑደት ሥዕል ሁላችሁም አይታችሁታል፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አረንጓዴ ጫካ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ፣ ከታች ሰማያዊ ባሕር፡፡ እዚህ የተወለደ ልጅ በረዶ የለበሰ ተራራ አያውቅም፡፡ ወንዝ ሲባል የሚያውቀው ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን፣ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነውን ማሮዲ ጄህን ነው፡፡ ባሕሩ በርበራ ነው ያለው፤ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አብዛኞቹ የኛ ልጆች አይተውት አያውቁም፡፡ ስለዚህ ሥዕሉን ለመጨረሻ አቆይቼ ከማዕድ ቤት መጀመርን መርጫለሁ፡፡

ከአክንባሎው ሥር

ከእናቶቻችን ብዙዎቹ እንጀራ እየጋገሩ ነው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት፡፡ ምጣዱ ላይ ሊጡ ሲሰፋ፣ አክንባሎው ሲከደን፣ ከዚያም ሲነሳ ከሥሩ ውሃ ሲንጠባጠብ ያላየ ልጅ የለም፡፡ ይህ ጠብታ እንጀራውን እንዳያበላሽ እናት አክንባሎውን ዘወር አድርጋ ታነሳዋለች፡፡ እዚያ ላይ ነው መጠየቅ፦ "ይህ ውሃ ከየት መጣ? ክዳኑ ላይ ማን አፈሰሰው?" ሊጡ ውስጥ የነበረው ውሃ በሙቀት ተንኖ፣ ቀዝቀዝ ካለው ክዳን ጋር ሲገናኝ ወደ ውሃነት እንደተመለሰ ልጁ ራሱ ይደርስበታል፡፡ ምድጃው ፀሐይ፣ ሊጡ ባሕር፣ አክንባሎው ደግሞ የሰማዩ ቅዝቃዜ ነው፡፡ የጀበና እንፋሎትም ያው ነው፤ ቡናው ሲንተከተክ ከአፉ ፊት ቀዝቃዛ ማንኪያ ያዝ ቢደረግ ወዲያው ያልበዋል፡፡ ማንኪያውን የሚይዘው ግን ትልቅ ሰው ይሁን፡፡ ከተቅማጥ ቀጥሎ ወደኛ የሚመጡት የተቃጠሉ ልጆች ናቸውና፣ ሳይንስ ስናስተምር አንድ ልጅ እንዳይቃጠልብን አደራ፡፡

ቀጥሎ ያለ እሳት የሚሆነውን እናሳያቸው፡፡ በሁለት የቆርቆሮ ሰሃን ላይ አንዳንድ ስኒ ውሃ አድርጉ፡፡ አንዱን ክፍት ትታችሁ ሌላውን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍናችሁ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፡፡ ሰሃን የምመርጠው በምክንያት ነው፤ መሬት ላይ ካፈሰስነው ልጁ "መሬት ጠጣው" ይላል፡፡ ከሰዓት በኋላ ክፍቱ ደርቆ፣ የተሸፈነው ላስቲክ ከሥሩ ጠብታ አቁሮ ታገኙታላችሁ፡፡ "ውሃው የት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ፡፡ ዝም ማለቱ ለኛ ለትልልቆቹ ከባድ ነው፡፡ "ፀሐይ ጠጣችው"፣ "አለቀ"፣ "ድመት መጥታ ይሆናል" ይላሉ፡፡ ፈጥናችሁ አታርሙ፡፡ ከላስቲኩ ሥር ያለውን ጠብታ ሲያዩ ከመካከላቸው አንዱ "አላለቀም፣ መውጣት አቅቶት ነው!" ማለቱ አይቀርም፡፡ እርሱ የተናገረው ከእናንተ ትምህርት ይልቅ ይታወሳል፡፡

አንድ ያልሠራልኝን ልንገራችሁ፡፡ ከሱቅ ፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ ውጭው ሲያልበው ለልጆች ማሳየት በየመጽሐፉ የሚመከር ነው፡፡ በደረቁ ወራት ሃያ ልጅ ፊት ገዝቼ ባመጣ ጠርሙሱ ጨርሶ አላላበውም፡፡ የሐርጌሳ አየር በዚያ ወቅት የሚያዋጣው ተን አልነበረውም፡፡ ዝናብ ሰሞን ሞክሩት፡፡

የቀረው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን፡፡ በሰሃኑ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፡፡ በሌላ ሰሃን ላይ ደግሞ ትንሽ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ይሁን፡፡ ውሃው ሲደርቅ አንዱ ላይ ነጭ ጨው፣ ሌላው ላይ አፈሩ ይቀራል፡፡ በኢትዮጵያ የምንበላው የአፍዴራ ጨው የሚመረተው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ውሃ ወደ ሰው ሠራሽ ኩሬ ይገባል፣ የአፋር ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል፡፡ አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌም የተጠረበው በጥንት ዘመን ውሃ ተንኖ ትቶት ከሄደው የአፋር የጨው ሜዳ ነው፡፡ ልጆች ይህን ሲሰሙ በየቤቱ ያለውን ጨው አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ያዩታል፡፡

እኔ መጀመሪያ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር፡፡ "ምን ሄደ?" "ውሃው!" "ምን ቀረ?" "ቆሻሻው!" ተባባልንና ተጨበጨበ፡፡ ሦስተኛውን ጥያቄ ረሳሁት፦ ውሃው ተመልሶ ሲመጣ የሚወርደው ምን ላይ ነው? የሚወርደው ያ የቀረው ነገር ላይ ነው፡፡

ይህን የሚያሳይ ጨዋታ እነሆ፡፡ በትሪ ላይ አሸዋ ከምሩና ተራራ ሥሩ፡፡ ተራራው ላይ እርድ በተን አድርጉበት፤ እርዱ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው የተወው ነው በሉ፡፡ ልጆቹ በዚህ መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሳቁ፡፡ ከተራራው ግርጌ ትንሽ ስኒ ቅበሩ፤ እርሱ ኩሬው ነው፡፡ ከዚያ የሃይላንድ ክዳን በምስማር በሳሱና ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አዝንቡበት፡፡ ከጠርሙሱ የወጣው ውሃ ንጹሕ ነበር፤ ስኒው ውስጥ የገባው ግን ቢጫ ነው፡፡ ልጆቹ ደግመው ደጋግመው ማዝነብ ይፈልጋሉ፤ ፍቀዱላቸው፡፡ በእርድ ፈንታ በርበሬ አትጠቀሙ፡፡ አንዴ ሞክሬ ልጁ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎት ትምህርቱ በለቅሶ ተበተነ፡፡

በዚህ ብቻ ካበቃን ግን ልጁ "ቢጫ ካልሆነ ይጠጣል" ብሎ ይሄዳል፡፡ ስለዚህ ሁለት ብርጭቆ የታከመ ውሃ አቅርቡ፤ በአንዱ ትንሽ ጨው ተማስሎ ይሟሟ፡፡ "የትኛው ነው ጨው ያለበት?" ብትሏቸው በማየት ሊለዩ አይችሉም፡፡ የታጠበ ጣታቸውን ነክረው ይቅመሱ፡፡ ዓይን የማያየው ነገር ውሃ ውስጥ መኖሩን የሚያምኑት ያን ጊዜ ነው፡፡ ቀጥላችሁ ጀርምን እንደ ጨው መቅመስ እንደማይቻል ንገሯቸው፤ የምናውቀው ሆዳችንን ከታመምን በኋላ ነው፡፡

የአሸዋ ማጣሪያ መሥራትም ልጆች ይወዳሉ፡፡ የሃይላንዱን ቂጥ ቆርጣችሁ ገልብጡና ጨርቅ፣ ደቃቅ አሸዋ፣ ከላይ ጠጠር አድርጋችሁ ድፍርስ ውሃ ብታፈሱበት ጠርቶ ይወርዳል፡፡ ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው እንደዚህ ነው፡፡ መሬቱ ጥልቅ ከሆነና ውሃው ቀስ ብሎ ከወረደ ብዙ ነገር ያስቀርለታል፡፡ መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል የምንለው ለአፈሩ ይህን ሥራ የሚሠራበት ቦታ ለመተው ነው፡፡ የልጆቹ ጠርሙስ ግን መጫወቻ ነው፡፡ የወረደውን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው፣ እናንተው በፊታቸው አፍስሱት፡፡

ጀሪካኑ የመጣበት መንገድ

ልጆቹ ይህን ከተረዱ በኋላ "የዛሬው ጀሪካናችን ከየት መጣ?" እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን፡፡ በአህያ ጋሪ ነው፤ ጋሪውስ ከየት ቀዳ? ከቦቴ ወይም ከቦኖ፡፡ ቦኖውስ? የሐርጌሳ የቧንቧ ውሃ ለብዙ ዘመን የመጣው ከከተማው በስተሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች ነው፡፡ ጉድጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቻይና ርዳታ የተሠሩ ሲሆን ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ ዳገቱን ይወጣል፡፡ ጉድጓዱስ ውሃውን ከየት አገኘው? በፊት ከዘነበ ዝናብ፡፡ ዝናቡስ? እዚህ ላይ ልጆቹ በአንድነት "ከባሕር!" ይላሉ፡፡ ያን ጊዜ ነው ያን የተለጠፈ ሥዕል ማውጣት፡፡

ከዚያ በመጣንበት ተመልሰን "ቆሻሻ ሊገባ የሚችለው የት ላይ ነው?" እንላለን፡፡ የልጆች መልስ አንዳንዴ ከኛ ይበልጣል፡፡ አንዷ ልጅ "ባለጋሪው ጎማውን መሬት ላይ ጎትቶ ነው ወደ ጀሪካኑ የሚከተው" አለችን፤ የማንጠቀምበትን ነገር አልነበረም ያየችው፣ እኛ ግን ለዓመታት አላስተዋልነውም፡፡ ከከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች ደግሞ የዝናብ ጎርፍ በሲሚንቶ በተለበጠ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ እዚህ በርከድ ይሉታል፣ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቢርካ ነው፡፡ በርከድ ለአርብቶ አደሩ ሕይወት ነው፤ የሚገባበት ውሃ ግን የሜዳውን ሁሉ ጠርጎ የመጣ ስለሆነ ሳይታከም ለልጅ አይሰጥም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በድርቁ ወቅት በሶማሊያ፣ በሶማሌላንድና በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት እንዴት እንደተስፋፋ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፡፡ ውሃ ሲያንስ ሰውና ከብት በጥቂት ምንጭ ላይ ይጨናነቃል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የተጠራቀመውን ሁሉ ወደዚያው ይጠርገዋል፡፡

ማከሚያው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው፡፡ ማፍላት ከሆነ ውሃው እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ሦስት ደቂቃ ያስፈልጋል፣ ሐርጌሳ ግን ከዚያ በታች ነው፡፡ 67 ሚሊ ግራም የሆነው የአኳታብ እንክብል አንዱ ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ ነው፤ ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፡፡ ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ይጥለል፣ ይጣራ፡፡ እንክብሉ የተለያየ መጠን ስላለው ማሸጊያው ላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠቀሙ፡፡

የክዳንን ነገር ለብቻው ላንሳው፡፡ በርሜል ወይም ሮቶ ክፍት ሲተው ውሃችን ይተናል፤ በገንዘባችን የገዛነውን ፀሐይ ትወስደዋለች፡፡ ልጆች ይህን ከሰሃኑ ጨዋታ ያውቁታል፡፡ ሌላም አለ፡፡ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከእስያ መጥታ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በኢትዮጵያ ቀብሪደሃር፣ ከዚያም በሶማሌላንድ ተገኝታለች፡፡ ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ መሆኗ ነው፡፡ "ከተማ ወባ የለም" የምንለውን ነገር እንተወው፡፡ በኛ ቤት አሁን ክዳን መክደን የልጆቹ ሥራ ነው፤ ስንረሳ ይቆጡናል፡፡

ፀሐይ እያለ የሚመጣ ጎርፍ

ማሮዲ ጄህ ሲደርቅ የልጆች ኳስ ሜዳ ነው፡፡ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፤ እንዳይጫወቱ መከልከል ያስቸግራል፡፡ አደጋው ዝናቡ እዚህ ሳይዘንብ ጎርፉ መድረሱ ነው፡፡ ከላይ በኩል ራቅ ባለ ደጋ የዘነበ ውሃ እዚህ ፀሐይ እያለ ግድግዳ መስሎ ይመጣል፡፡ የውሃን ዑደት ማስተማር ሕይወት የሚያድነው በዚህ ቦታም ነው፤ ውሃ ከተራራ ወደ ቆላ እንደሚጓዝ የገባው ልጅ "እዚህ አልዘነበም" ብሎ አይዘናጋም፡፡ በትሪው ጨዋታ ላይ አንድ የጠርሙስ ክዳን ከግርጌ አስቀምጡና "ይህ አንተ ነህ፣ ኳስ ትጫወታለህ" በሉት፤ ከዚያ አናቱ ላይ ብቻ አዝንቡ፡፡ ደቡቡ ሰማይ ሲጠቁር ወይም የጉምጉምታ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ወደ ላይ መውጣት፣ ለወደቀ ጫማ አለመመለስ፡፡ ይህንን በሶማሊኛም በኦሮምኛም ደጋግማችሁ ንገሯቸው፡፡

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ የሶማሌላንድን ምዕራብ፣ በተለይም አውዳልን የመታበትን ጊዜ ትልልቆቹ ልጆች ይጠይቃሉ፡፡ ሰውም ከብትም ሞቷል፡፡ "ባሕሩ መጣ?" ይላሉ፡፡ ባሕሩ ሲሞቅ ብዙ ተን እንደሚሰጥ፣ ያ ተን ወደ ውሃ ሲመለስ የሚለቀው ሙቀት ነፋሱን እንደሚያበረታው ባጭሩ ነግሬያቸው አልፋለሁ፡፡ ማታ የሚያስፈራራቸውን ያህል አላብራራም፡፡

የልጆች ጥያቄ

"ዝናብ ለምን ሮብ ይባላል?" የሚለው ከሁሉም ያስቀኛል፡፡ በሶማሊኛ ዝናብ ሮብ ነው፣ በኦሮምኛም ሮባ ይሉታል፤ እቤቱ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ግን ሮብ የሚለውን የሚያውቀው ከማክሰኞ ቀጥሎ ነው፡፡ አንዱ "እና ሐሙስ አይዘንብም?" አለኝ፡፡ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲሆኑ "ጅብ ወለደች" ማለታችንን፣ ቀስተ ደመናን የማርያም መቀነት ማለታችንን አልከለክልም፡፡ ልጁ ተረቱንም ምክንያቱንም ቢያውቅ ምን ይጎዳዋል? "ዝናብ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፣ አላህ ነው" ለሚሉኝም አዎ ብዬ፣ እኛ ዛሬ የምናየው ዝናቡ የሚመጣበትን መንገድ ነው እላቸዋለሁ፡፡ ቤተሰብ ያስተማራቸውን ማፍረስ የኔ ሥራ አይደለም፡፡

የከበደኝ ግን የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጥያቄ ነበር፡፡ "እውነት ነው እኛ ስለመጣን ነው ዝናብ የቀረው?" ውሃ ወረፋ ላይ ሰምታው ነው፡፡ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ሁሉም ተቸግሮ ነበር፤ የተቸገረ ሰው ደግሞ የሚለው አያጣም፡፡ የዝናቡ እርጥበት የሚመጣው በአብዛኛው ከህንድ ውቅያኖስ በኩል ነው፡፡ በእነዚያ ዓመታት ውቅያኖሱ በኢንዶኔዥያ በኩል ይበልጥ ሞቆ ስለነበር ዝናቡ ወደዚያ አደላ፤ ወደኛ የሚደርሰው አነሰ፡፡ ለልጅቷ ካርታ ዘርግቼ ውቅያኖሱን አሳየኋትና "ደመናው ከዚህ ነው የሚነሳው፤ አንቺ የት እንደምትኖሪ አያውቅም፣ ወረቀትሽንም አይጠይቅም" አልኳት፡፡ ድርቁ በዚያው ጊዜ ኬንያንም ደቡብ ኢትዮጵያንም እንደመታ ነገርኳት፡፡ በጣቷ ከውቅያኖሱ እስከ ሐርጌሳ፣ ከሐርጌሳ እስከ ሐረር ሄደችበት፡፡

ብዙዎቻችን ከሐረርጌ ስለመጣን ስለ ሐሮማያ ሐይቅ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፡፡ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፡፡ ለመስኖና ለከተማ ከሚገባው በላይ ተቀዳ፣ ከተራቆተው ተራራ የመጣ ደለል ሞላው፣ ፀሐይም ድርሻዋን ወሰደች፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመልሶ መጠራቀም ጀምሯል፡፡ "ሐይቅ ይሞታል?" ለሚል ልጅ ይህን ያህል ጥሩ መልስ የለኝም፡፡ የአዋሽን ነገርም ጨምሩላቸው፤ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከደጋው ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፡፡ ከዚያ የሚወጣው ወደ ላይ ብቻ ነው፡፡

በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ከጤና ኬላው ጎን ካለው ዳስ ሥር ዝናብ መለካት እንጀምራለን፡፡ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ 20 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ጀሪካን ይሆናል፣ ጥቂቱ ቢባክንም፡፡ ልጆቹ ይህን ሲያሰሉ ማየት ነው፡፡ የጣሪያ ውሃ የምታጠራቅሙ ወላጆች የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ እንዲሄድ ተዉት፤ የወፍ ኩስና አቧራ አለበት፤ የቀጣዩንም ለመጠጥ ከሆነ አክሙት፡፡ በጎ ፈቃደኞች ባዶ ሃይላንድ፣ ምስማርና አንድ ማንኪያ እርድ ይዛችሁ ኑ፡፡ ልጆች ደግሞ ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ያምጡ፡፡ ዝናብ ቢጥል ትምህርቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ጣሳዎቹ ቀድመው እንዲደርሱ ማልዳችሁ ላኳቸው፡፡